አንብበው ይፈርሙ

መስከረም 19 ቀን

ለልጄ፣

ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። መሰላል እወጣለሁ። ልብሴን ራሴ አጥቤ ራሴ አሰጣለሁ። የውሃ ታንከር ሲያፈስ ከታች ቆሜ በድምፁ ብቻ የትኛው መጋጠሚያ እንደላላ እናገራለሁ። ባለፈው ሳምንት የትምህርት ቤቱን የመጸዳጃ መስመር ብቻዬን ከፍቻለሁ፤ ሁለት ጎረምሳ ቧንቧ ሠራተኞች አቅቷቸው ትተውት ሄደው ነበር። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ብቻ እምቢ ብሎኛል፤ እሱም የዘንድሮ መርፌ ቀዳዳው ስለጠበበ ነው። ይህንንም የጻፍኩት ራሴ ነኝ። «ማን ጻፈልዎ?» ያልሽኝን ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ። ፊደሌ ቢንጋደድም የኔ ነው።

ስልክ ለምን አላነሳም? ቀኝ ጆሮዬ ደክሟል። ስልክ ላይ ስጮህ ጉዳዬን ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል። ወረቀት አይጮህም።

ቤቱ ደህና ነው። ጎረቤቴ ድሬሰሩም ደህና ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚጠርገው ቁስል ስላጣ የሰው ነገር መጠራረግ ይዟል።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ሐኪም ሆነሽ ሁለት ዓመት ከሠራሽ በኋላ እንደገና ልማር ስትዪ፣ ዓይን ወይ ጥርስ ትመርጫለሽ ብዬ ነበር። አንቺ «ጠቅላላ ቀዶ ሕክምና» ብለሽ ጻፍሽልኝ። «ቀዶ» የሚለውን ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ግቢውን ሁለቴ ዞርኩት። ኋላ ደግሞ «ጠቅላላ»ው ገረመኝ። በኛ ሙያ ጠቅላላ ሠራተኛ የሚባለው ቀለም የሚቀባ፣ መብራት የሚዘረጋ፣ ቧንቧም የሚነካካ፣ ሁሉን ጀምሮ አንዱንም የማይጨርስ ነው። እኔ እንዲህ ያለውን ሰው በደጄ አላሳልፍም። አንቺ ይህን ልትሆኚ ነው አገር አቋርጠሽ የሄድሽው?

ዓይን ይሻልሽ ነበር። ሰው በዓይኑ አይሞትም።

እስኪ አስረጂኝ። ቀስ ብለሽ ጻፊ፤ የሐኪም ጽሕፈት አልወድም።

አባትሽ


ጥቅምት 14 ቀን

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ እየዋልኩ እግሬ ማበጡ ነው እንጂ። በትልልቁ የጻፍኩት የሐኪም ጽሕፈት አልወድም ስላሉ ነው፤ ለሌላ መስሎዎት እንዳይቆጡ። ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ በአንድ ቀን ደረሱኝ፤ አብሬ እመልሳለሁ።

ጠቅላላ ማለት ሁሉን ነካክቶ መተው አይደለም አባባ። ድሮ ቀዶ ሐኪም አንድ ዓይነት ነበር፤ የመጣለትን ሁሉ ይሠራል። ቀስ በቀስ አጥንቱን፣ ልቡን፣ አንጎሉን፣ ዓይኑን እየከፈሉ ወስደው የየራሳቸው ሙያ አደረጉት። እኛ ጋ የቀረው ግንዱ ነው። ሆድና በሆድ ውስጥ ያለው፤ ጨጓራ፣ አንጀት፣ ትርፍ አንጀት፣ ጉበት፣ ሐሞት፣ ጣፊያ። እንቅርትም፣ የጡት እብጠትም፣ ኪንታሮትም፣ ቃጠሎም የኛ ነው። በስለት የተወጋና መኪና የገጨው ሰው ሲመጣም መጀመሪያ የሚጠሩት እኛን ነው። በርስዎ ሙያ ልናገርና፣ ጠቅላላ ሠራተኛ ሳይሆን የዋናው መስመር ሠራተኛ ነኝ።

ትምህርቱ አራት ዓመት ነው። ገና ቢላ አልያዝኩም። ሌሎቹ ሲሠሩ የተከፈተውን ወደ ጎን ስቤ እይዛለሁ፤ ክንዴ እስኪደነዝዝ። ስወጣ ወንበር እግር ላይ ክር እያሰርኩ እፈታለሁ፤ በግራ እጄም፣ ሳላይም። አስተማሪያችን ሴት ናት፤ ቁጡ። ሕመምተኛ ከመንካታችን በፊት መዳፋችንን አሻሽተን እንድናሞቀው ታደርጋለች። «ቀዝቃዛ እጅ ሲነካው ሆድ ይኮማተራል፤ ከዚያ ይዋሽሻል» ትላለች። መጀመሪያ መጠየቅ፣ ቀጥሎ ማየት፣ ቀጥሎ መዳሰስ፣ ከዚያ በኋላ ነው ምርመራው። መቁረጥ የሥራው ትንሹ ነው። ትልቁ፣ ይህ ሆድ እስከ ነገ ይጠብቃል ወይስ አንድ ሰዓትም አይጠብቅም የሚለውን መለየት ነው። የምንማረው ሰዓት ነው ብል አልዋሸሁም።

በሁለተኛው ደብዳቤዎ ስለጠየቁኝ ስለዚያ «አንድ የማውቀው ሰው» ደግሞ። ሲቆም ብሽሽቱ ላይ የሚወጣው፣ ሲተኛ የሚገባው እብጠት ቡአ ነው። ነውር አይደለም። የሆድ ግድግዳ ይሳሳል፤ አንጀት በሳሳው በኩል ይወጣል። ተመልሶ እስከገባ ድረስ ጊዜ አለ፤ በቀጠሮ ይሠራል፣ የሳሳው በመረብ ይደገፋል፣ አብዛኛው ሰው በማግስቱ ቤቱ ይገባል። አንድ ቀን አልገባም ካለ፣ ከጠነከረ፣ ካመመው፣ ካስመለሰው ግን ቀጠሮ የለም። የታነቀ አንጀት ደም አያገኝም፤ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። ያን ጊዜ የሞተውን ቆርጦ ጤነኛውን ከጤነኛው መስፋት ነው፤ እሱም ከደረሰ።

ሰውየው ማን ነው? ዕድሜውስ ስንት ነው? መሰላል ይወጣል?

ልጅዎ


ኅዳር 6 ቀን

ለልጄ፣

ሰውየውን አታውቂውም። በዕድሜ ከኔ ይበልጣል። መሰላል አይወጣም።

ያስረዳሽኝ ገብቶኛል። የግቢ ውሃ ጎማ በአጥር ቀዳዳ ሾልኮ ሲወጣ ውሃው ይሄዳል። ቀዳዳው ሲያንቀው ወዲህ ያለው ይወጠራል፣ ወዲያ ያለው ይደርቃል። ጎማ ግን አይሞትም። ይህን አንብቤ የዋናው መስመር ማለትሽን ተቀበልኩት። ቢሆንም ዓይን ይሻልሽ ነበር።

ሰውየው ከመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ቀበቶ ሠርቶ እብጠቱን ጨቁኖ ያስረዋል። ስድስት ዓመት አስሮታል። የሰውየውን ነገር ለድሬሰሩ ባጫውተው፣

«የጓደኛህ ላስቲክ ሽታው እዚህ ድረስ ይመጣል» አለኝ።

«የቧንቧ ሠራተኛ ላስቲክ ቢሸት ምን ይገርማል?»

«ጓደኛህም ቧንቧ ሠራተኛ ነው እንዴ?»

«ምን አገባህ!»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።»

«አንተ አዮዲን ከመቀባት ሌላ ምን መድኃኒት ታውቃለህና ነው?»

«ስንት ጊዜ ቀባሁህ፣ አንድም ቀን አመሰግናለሁ ሳትል!» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ሰውየው የሚጠይቀው አለው። ፈርቶ አይደለም፤ ማወቅ ይወዳል። ሲያስተኙት ሰው የት ነው የሚሄደው? ሳይነቃ ቢቀርስ? የሱን አልጋ ከሌላ ሰው አልጋ ቢያሳስቱስ? ውስጥ ጨርቅ ረስተው ቢሰፉበትስ? ደግሞ ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚያስፈርሙት ያ ወረቀት ለምን ያስፈልጋል? ሐኪሙ ካወቀ፣ ያልተማረ ሰው ፊርማ ምን ይጨምርለታል? ሳይፈርሙ አይሆንም?

ሰውየው ዘንድሮ አዲስ ልማድ አምጥቷል። ቁጭ ብሎ ሆዱን ያዳምጣል። ሲንጎራጎር ደስ ይለዋል፤ መስመሩ ይሠራል ማለት ነው። ዝም ሲል ግን ላብ ያጠምቀዋል።

በትንሿ ወረቀት ላይ ለብቻ የጻፍሽውን ጥያቄ አይቻለሁ። ስለ እናትሽ አሟሟት ሐኪሙ ዘገየ ብዬሻለሁ። ካፍ ከወጣ አፋፍ። አታስደግሚኝ።

አባትሽ


ታኅሣሥ 11 ቀን

ለውድ አባቴ፣

ድሬሰሩ ጽፎልኛል። እባክዎን አይጣሉት።

ባለፈው ሰኞ እብጠቱ ከምሳ ሰዓት እስከ አመሻሹ ድረስ አልገባም ብሎ፣ እግርዎን ግድግዳ ላይ ሰቅለው ተኝተው፣ ጥርስዎን ነክሰው፣ ድሬሰሩ በእጁ ገፍቶ ገፍቶ እንደመለሰው አውቄያለሁ። «ለልጄ ብትነግራት አንተና እኔ ተለያየን» እንዳሉትም ነግሮኛል። አባባ፣ ሰውየውን አሁን እንተወው።

ተመልሶ ገብቶ የተረፉት በዕድል ነው። የሚቀጥለው ላይገባ ይችላል። አጠገብዎ ባለው ሆስፒታል የሚሠራውን ቀዶ ሐኪም አነጋግሬዋለሁ፤ ለጥር 20 ቀጠሮ ይዞልዎታል። እኔ አልቆርጥዎትም። ደንቡም አይፈቅድ፣ እጄም አይታዘዘኝ። በገዛ ቤተሰብ ላይ ሲሆን ሐኪም ማየት ያለበትን አያይም።

የጠየቁኝን ልመልስ። ለዚህ ከወገብ በታች ብቻ ሊያደነዝዙዎት ይችላሉ፤ ነቅተው የሚያወሩበት ነው። ሙሉ ሰመመንም ከሆነ የማደንዘዣው ባለሙያ ከራስዎ አጠገብ አይነሳም፤ ሥራው ትንፋሽዎን መጠበቅ ነው። ከመጀመራቸው በፊት ስምዎን፣ ምን እንደሚሠራልዎ፣ በየትኛው ጎን እንደሆነ ጮክ ብለው ይጠይቁዎታል፤ አይሰልችዎት፣ ሦስት ሰው ሦስቴ ይጠይቃል። ጨርቁን ገላ ከመክፈታቸው በፊት ይቆጥሩታል፣ ሳይዘጉ ይቆጥሩታል፣ ከዘጉም በኋላ ይቆጥሩታል። አደጋ የለውም አልልዎትም፤ መድማት አለ፣ ማመርቀዝ አለ፣ ተመልሶ መውጣት አለ። ካለመሥራቱ ግን ያንሳል።

ወረቀቱ ደግሞ የርስዎ ጠባቂ ነው። ያለ ሰው ፈቃድ የሰው ገላ አይከፈትም። ማንበብ የማይችል ይነበብለታል፤ ያልገባው ቢጠይቅ ማንም አይስቅበትም።

አሁን እኔ አንድ ልንገርዎ። ለምን ይህን መረጥሽ ብለው አንድም ቀን አልጠየቁኝም። እናቴ ሆስፒታል በገባች ቀን አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበርኩ። ኋላ ሐኪሙ ዘግይቶ ነው ሲሉኝ አንድ ነገር ለራሴ ማልኩ፤ የማትዘገየዋ ሐኪም እኔ እሆናለሁ አልኩ። ሥራው ሲያቅተኝ፣ አስተማሪዬ ስትጮህብኝ፣ እጄ ሲደነዝዝ፣ ያ የዘገየ ሐኪም ትዝ ይለኛል። በሱ ንዴት ነው የምቆመው።

ስለዚህ አይዘግዩብኝ።

ልጅዎ


ጥር 2 ቀን

ለልጄ፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጃለሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔው እያደር ከበደ።

ሐኪሙ አልዘገየም።

እሑድ ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ መጥቶ ሆዷን ዳሰሰ። አንጀቷ ተጠማዟል፣ አሁኑኑ መከፈት አለበት አለ። ወጣት ነበር፤ እየሮጠ ነበር የመጣው። ነርሷ ወረቀት አመጣችልኝ። «አንብበው ይፈርሙ» አለችኝ። ኮቴን ለብሼ ነበር። ኪሴ ላይ እስክሪብቶ ሰክቼ ነበር። ያን እስክሪብቶ ሁልጊዜ የምሰካው ሰው እንዲያየው ነበር። አየችው። ማንበብ የማይችል ሰው መሆኔ በምን ይታወቃት?

አልችልም ነበር ልጄ። አንዲት ፊደል አልለይም ነበር። በሥራ ቦታ ማዘዣዬን የሚያነብልኝ የውሃ ቢሮው ጸሐፊ ነበር። በቤት የምታነብልኝ እናትሽ ነበረች። ያን ቀን እናትሽ ነበረች አልጋው ላይ።

አጠገቤ የቆመ አንድ የማላውቀው ሰውዬ «ፈርመህ ከሰጠሃቸው ያሻቸውን ቢያደርጓት አፍህን አትከፍትም» አለኝ። ነርሷን «እስኪ ላስብበት» አልኳት። እንደ ትልቅ ሰው፣ ተኮሳትሬ። ወረቀቱን አጥፌ በኪሴ ይዤ ወጣሁ። የጸሐፊው ቤት ከተማው ዳር ነበር። ሄጄ አንኳኳሁ፤ የለም። ደጁ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩት። አልመጣም። ስመለስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ሐኪሙ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። አልተቆጣም። «አባቴ፣ አሁንም እንሞክር» አለኝ። ከአምዱ ጀርባ ዞር ብዬ አሻራዬን አተምኩ፤ ጣቴን በሱሪዬ ጠረግኩት፣ አንቺ ቀለሙን እንዳታዪው። በሦስተኛው ቀን አለፈች። የሆነውን አንቺም ታውቂዋለሽ።

ለሰው ሁሉ ሐኪሙ ዘገየ አልኩ። ለአክስትሽም፣ ለጎረቤትም፣ ላንቺም።

በዓመቱ የማታ ትምህርት የገባሁት ብቸኝነት አስቸግሮኝ አይደለም፤ አንቺ እንደዚያ ነበር የመሰለሽ። ያ ወረቀት ምን ይል እንደነበር ለማወቅ ነው። ፊደል ከለየሁ በኋላ ያልተሞላ ቅጂ ከድሬሰሩ ለመንኩት፤ ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አሥራ አንድ መስመር ነው። አንዱም መስመር ክፉ አልነበረም። ያ ሰውዬ ያለው የለበትም።

አሁን ኦፕራሲዮኑን እፈራለሁ ብዬ ብጽፍልሽ ውሸት አይሆንም። ከሱ የበለጠ የምፈራው ግን ይህን ሳልነግርሽ ብቀር ነው፤ አሁን ደግሞ ነገርኩሽና ይኸውና ከነገርኩሽ በኋላ ያለውን ፈራሁት። የቆምሽው በዚያ ሐኪም ንዴት ከሆነ፣ ንዴቱ ቦታውን ስቷል። ወዲህ መልሺው። ሥራውን ግን አትተዪው።

ካልፈለግሽ አትመልሺልኝ።

አባትሽ


ጥር 19 ቀን

ለልጄ፣

አንድ መስመር ብቻ መለስሽልኝ። ሰላምታ የለው፣ ስም የለው። «አጠገብዎ ነበርኩ፤ ለምን ለእኔ አልሰጡኝም?» የምትል አንድ መስመር። አሥር ቀን በደረት ኪሴ ይዣት ዞርኩ።

ለመመለስ እሞክራለሁ። አንቺ ማንበብ እንደምችል ታምኚ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመጪ ደብተርሽን ትሰጪኛለሽ፤ እኔ ገጹን እያገላበጥኩ ግንባሬን ቋጥሬ «ጎበዝ፣ እዚህ ጋ ግን አስተካክዪ» እልሻለሁ። አንቺም የት ጋ እንደሆነ ሳትጠይቂ ሄደሽ ታስተካክዪ ነበር። ያን ቀን ወረቀቱን ይዤ ወዳንቺ ዞሬ ነበር። አንድ እርምጃ ተራምጃለሁ። ቀና ብለሽ ስታዪኝ፣ አባቴ አለ፣ አሁን ሁሉም ይስተካከላል የሚል ዓይን ነበር። ያን ዓይን ማጣት ፈራሁ። ለዚህ ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት ብፈልግ አላገኘሁም።

አሁን ያለሁት ሆስፒታል ነው። ነገ ጠዋት ነው የኔ ተራ። ክፍሉ ስድስት አልጋ አለው፤ የኔ መስኮቱ ሥር ነው። የእጅ መታጠቢያው ቧንቧ ያንጠባጥባል፤ ልጠግነው ብል ነርሷ ወደ አልጋዬ መለሰችኝ። የላስቲክ ቀበቶዬን ወስደው ጣሉብኝ። ብሽሽቴ ላይ በቀለም ምልክት አደረጉበት፣ ጎኑ እንዳይሳሳት። ስሜን እስካሁን አምስት ሰው ጠይቆኛል። አንቺ ሦስት ነበር ያልሽው።

ሐኪሙ ወረቀቱን ዛሬ ከሰዓት አመጣልኝ። «ላንብብልዎ?» አለኝ። «ተወው» አልኩት። ጮክ ብዬ አነበብኩት። እያንዳንዷን ቃል፤ ቀስ እያልኩ። «ማመርቀዝ» የምትለዋ ላይ ተደናቀፍኩ፣ ደገምኳት። ሌሎች አምስት ሕመምተኞች ሰሙኝ። ሐኪሙ ሁለቴ ሰዓቱን አየ፤ እኔ ግን አልተቻኮልኩም። «አልነቃ ካልኩ ማን ነው ለልጄ የሚነግራት?» ብዬ ጠየቅኩት። «እኔ ራሴ» አለኝ። ከዚያ ፈረምኩ። ፊርማዬ ከቀድሞውም ከፋ።

ፈርቻለሁ። ሌላ ቃል አልፈልግለትም። እንደምትመጪ ወይም እንደማትመጪ አላውቅም፤ አልጠይቅሽምም። ይህን ደብዳቤ ለድሬሰሩ እሰጠዋለሁ። ብነቃም ባልነቃም ይልክልሻል።

ከነቃሁ ግን ዕዳ አለብኝ። ማንም እንዲከፍልልኝ አልፈልግም፤ አንቺም እንዳትነኪው።

ያ ሐኪም አሁን ጎልምሷል፣ እዚሁ ከተማ ይኖራል አሉ፤ ቤቱን ድሬሰሩ ያውቀዋል። በእግሬ ሄጄ «አልዘገየህም» እለዋለሁ። ምናልባት አያስታውሰኝም። ቢሆንም እነግረዋለሁ።

አክስትሽ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ያን ሰው ስትረግም ኖራለች። እሷ ፊት ቆሜ እርግማኑ ለኔ ነው እላታለሁ። ምላሷን ታውቂያለሽ። እስክትጨርስ እሰማታለሁ።

ድሬሰሩን ለአንቺ የጻፈልሽ ጊዜ በሰው ፊት ወሬኛ ብዬዋለሁ። በሰው ፊት እመልሳለሁ።

ፊደል ላስተማረችኝ መምህርት አንድም ቀን ምስጋና አላቀረብኩም፤ ቤቷ ድረስ እሄዳለሁ።

የእናትሽን እዚህ ልከፍለው አልችልም።

ያንቺን ልኩን አላውቀውም። አስቢና ንገሪኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ አላልኩም፤ ምን ያህል እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ። ራሴ እከፍላለሁ።

አባትሽ